የአየርላንድ ብሔርተኝነትና ከአገሩ የሚወጣው ተራ ሰው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አየርላንድ የነፃነት ትግል ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አየርላንዳውያን ስደትም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሡ ግን ከአንባቢ ዘንድ የሚመጡት ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው፤ ከዚህ በታች መልስ የተሰጣቸውም እነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ብሔርተኝነት» ሲባል እዚህ ላይ ምን ማለት ነው?

ቃሉ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ንግግር በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ብሔሮች ለሚያነሡት ጥያቄ ስለሚውል፣ ልዩነቱን በቅድሚያ ማስታወቅ ይበጃል። የአየርላንድ ብሔርተኝነት የምንለው ደሴቲቱ ከእንግሊዝ አገዛዝ ወጥታ በራሷ ሕዝብ ትተዳደር የሚለውን እንቅስቃሴ ነው። የደብሊን ፓርላማ ፈርሶ አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር በሕግ የተዋሐደችው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ትግሉ ሁለት መንገድ ይዞ ሄዷል። አንደኛው በምርጫ፣ በሰላማዊ ስብሰባና በለንደን ፓርላማ ውስጥ በሚደረግ ክርክር የሚመራው ነው፤ ዳንኤል ኦኮነልና ከእሱ በኋላ የመጣው ቻርልስ ስቲዋርት ፓርነል የቆሙት በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ያነሣው ወገን ነው፤ ከውሕደቱ ሦስት ዓመት በፊት በ1798 የከሸፈውን ዓመፅ እንደ አባት ውርስ ቆጥሮ፣ በ1848፣ በ1867 እና በ1916 ሞክሯል።

ለገበሬው ግን ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበው የመሬት ጥያቄ ነበር። የሚያርሰው መሬት የሌላ ሰው ነው፤ ኪራዩን ካልከፈለ ከነቤተሰቡ ይነቀላል፤ ገበሬው ባብዛኛው ካቶሊክ ሲሆን ባለመሬቱ ግን ብዙውን ጊዜ በሃይማኖት ፕሮቴስታንት፣ አንዳንዴም ርስቱን ከርቀት የሚያስተዳድር የእንግሊዝ አገር ነዋሪ ነው። «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሰው ከአየርላንድ መውጣት የጀመረው በታላቁ ረሃብ ጊዜ ነው?

አይደለም። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከሰሜኑ ከአልስተር ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ብዙ ፕሮቴስታንቶች ወደ አሜሪካ ተሻግረው ነበር፤ ከ1815 እስከ 1845 ባሉት ሠላሳ ዓመታትም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄዷል። ረሃቡ ያመጣው ለውጥ ስደቱን የድሃውና የገጠሩ ሰው፣ በመጨረሻም የሁሉም ቤት ጉዳይ ማድረጉ ነው። የ1841 ቆጠራ በደሴቲቱ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አገኘ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የተገኘው 6.5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1911 ደግሞ ወደ 4.4 ሚሊዮን ወርዷል። በ1890 አየርላንድ ውስጥ ከተወለዱና በሕይወት ካሉ አምስት ሰዎች ሁለቱ የሚኖሩት ከአገራቸው ውጭ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ሕዝቧ በዚያ መቶ ዓመት እንዲህ ያሽቆለቆለ ሌላ አገር የለም።

ሁሉም ወደ አሜሪካ ነው የሄዱት?

ብዙዎቹ አዎ፤ ነገር ግን ካናዳ፣ አውስትራሊያና አርጀንቲናም የደረሱ አሉ። የመርከብ ዋጋ ያልሞላለት ድሃ ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ ሊቨርፑል ወይም ግላስጎው ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህም «ጠላት» የተባለው አገር ራሱ ከስደተኛው ዋና መድረሻዎች አንዱ ነበር፤ ይህ ነገር በኋላ የሚመለስ ስለሆነ ልብ ይሏል።

ብሔርተኞች ረሃቡን የእንግሊዝ ሥራ ነው የሚሉት ለምንድን ነው?

በ1845 ቅጠሉን አጥቁሮ ፍሬውን አፈር ውስጥ የሚያበሰብስ በሽታ ወደ ድንቹ ገባ። በአገሩ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚሆን ድሃ ከድንች ሌላ ምግብ አልነበረውም ማለት ይቻላል። እስከ 1852 በነበሩት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃቡ በቀሰቀሰው ተስቦ ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሰደደ።

በሽታውን ማንም አላመጣውም። ክርክሩ ያለው ከበሽታው በኋላ በተወሰነው ላይ ነው። መንግሥት መጀመሪያ የተራበውን ሰው ለቀን ምንዳ መንገድ አስቆፈረው፤ ጉልበት የከዳው ሰው ድንጋይ ሲፈልጥ ወድቆ ይቀር ነበር። በ1847 በጋ የሾርባ ማደያዎች ተከፍተው በአንዳንድ ቀናት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው መገቡ፤ ሥራቸው የተሳካ ሆኖ ሳለ በመከር ወራት ተዘጉና ሸክሙ በየአካባቢው የድሆች ቀረጥና በድሆች ማደሪያ ቤቶች ላይ ተጣለ። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ አንቀጽ ደግሞ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ አያገኝም አለ። ለገበሬው ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ወይ ለልጆችህ ጎመን የምትተክልበትን መሬት ልቀቅ፣ ወይ ተራብ። እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ ወደቦች መጫኑም አልቆመም። በ1847 ወደ አየርላንድ የገባው እህል ከወጣው መብለጡ እውነት ነው፤ ሆኖም መርከብ ሲጫን በዓይኑ ያየ የተራበ ሰው የገባውንና የወጣውን በሚዛን አላነጻጸረም።

ይህን ሁሉ ወደ አንድ ክስ ያጠቃለለው ጆን ሚቸል ነው። በ1848 ተፈርዶበት መጀመሪያ ወደ ቤርሙዳ፣ ቀጥሎም ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ወደምትገኘው የግዞት ደሴት ተወስዶ፣ በ1853 አምልጦ አሜሪካ የገባ ጋዜጠኛ ነበር። የድንቹን በሽታ የላከው ፈጣሪ ነው፣ ረሃቡን የፈጠሩት ግን እንግሊዞች ናቸው የሚለው ክርክሩ በስደተኛው መካከል እንደ ጸሎት ተደገመ። አብዛኞቹ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ሕዝቡን ሆን ብሎ የመጨረስ ዕቅድ ነበረ አይሉም፤ የመንግሥቱን ግትርነትና ንቀት ግን አይክዱም።

የስትሮክስታውን ጉዳይ ነገሩን በቅርብ ያሳያል። በሮስኮመን አውራጃ የዚያ ርስት ጌታ የነበረው ሻለቃ ዴኒስ ማሆን፣ ጭሰኞቹን እዚያው ከመቀለብ ይልቅ መርከብ ተከራይቶ መላክ እንደሚቀለው አስቦ፣ በ1847 1,490 ያህል ሰዎችን ወደ ካናዳ አሳፈረ። ብዙዎቹ በመንገድና በወደቡ ማግለያ ጣቢያ አለቁ። እሱም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በጥይት ተገደለ። ቲኬቱ በባለመሬቱ የተከፈለለት ሰው «በፈቃዴ ሄድሁ» ይላል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ታዲያ መርከብ ላይ የወጣው ሰው ራሱን እንደ ምን ያይ ነበር?

በአይሪሽ ቋንቋ ከአገሩ ለወጣ ሰው ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ዲዮሪ» ነው፤ ትርጉሙ የተባረረ፣ አገር አልባ የሆነ ማለት ነው። አማርኛም ከዚህ አይርቅም፤ «ተሰደደ» ስንል ሌላ ሰው እንደሰደደው አድርገን ነው የምንናገረው፣ ቲኬቱን ራሱ ቢቆርጥም። ብሔርተኝነት ለተራው ስደተኛ የሰጠው ትልቁ ነገር ይህን ሰዋስው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሄድሁ ሳይሆን ተነቀልሁ፤ የነቀለኝም እገሌ ነው።

ይህ አነጋገር ለ1847 መንገደኛ እውነት ነበር። ለ1880 ወይም ለ1900 መንገደኛ ግን ከፊሉ ብቻ ነው እውነት። ከረሃቡ በፊት አባት መሬቱን ለልጆቹ ሁሉ ይሸነሽን ነበር፤ ከረሃቡ በኋላ ያ ልማድ ቀረ። መሬቱን አንድ ወንድ ልጅ ይወርሳል፤ አንዲት ሴት ልጅ ወላጆቿ የመቋቋሚያ ገንዘብ ሰጥተው ይድሯታል፤ የተቀሩት አራት አምስት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ማን እንደሚቀር የሚወስነው ለንደን አልነበረም፤ አባትና እናት ነበሩ፣ ያውም በእሳት ዳር ተቀምጠው። ልጁ ወላጆቹን ላለመውቀስ፣ ወላጆቹም ልጃቸውን «ላክነው» ላለማለት፣ ሁለቱም ወደ እንግሊዝ መንግሥት ማመልከት ይችሉ ነበር። ክሱ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም፤ መሬቱ እንዲያ የጠበበው በማን አገዛዝ ነው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜም አለ። ነገር ግን ያ ክስ የቤቱን ቁስል የሚሸፍን ጨርቅም ነበር።

«የአሜሪካ ለቅሶ» የሚባለው ምንድን ነው?

አየርላንዳውያን ሰው ሲሞት ሬሳውን ከበው ሌሊቱን ሙሉ ያድራሉ። የሚሰደድ ሰው ሊሄድ ሲልም ያንኑ ሥርዓት ያደርጉለት ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ጎረቤቱ ማታ ይሰበሰባል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ የማእድ ቤቱ ወለል ላይ ይጨፈራል፤ በመካከሉ ሽማግሌዎች ስለ ባሕሩ ያወራሉ። ወገግ ሲል ጭፈራው ይቆምና እናትየዋ የሞተ ሰው በሚለቀስበት ዜማ ታለቅሳለች። ብዙዎቹ ዳግም እንደማይገናኙ ሁሉም ያውቃሉ። ከአሜሪካ ወደ ትውልድ አገራቸው በመመለስ ረገድ አየርላንዳውያን ከአውሮፓ ስደተኞች ሁሉ መጨረሻ ከሚሰለፉት ወገን ነበሩና።

በዶኒጎል፣ ከመኪሽ ተራራ ሥር በምትገኝ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አጠገብ በአይሪሽ የተጻፈ አንድ ድንጋይ ቆሟል። የሚሄደው ሰው ወዳጅ ዘመዶች እስከዚህ ይመጡ እንደነበር፣ መለያየቱ እዚህ እንደነበር፣ ይህም የእንባ ድልድይ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ መንገደኛው ወደ ዴሪ ወደብ ብቻውን ይሄዳል። በጽሑፉ ውስጥ ስለ እንግሊዝም ሆነ ስለ ነፃነት አንድም ቃል የለም።

ብዙዎች ብሔርተኛ የሆኑት ከአገር ከወጡ በኋላ ነው ይባላል። እውነት ነው?

በአብዛኛው እውነት ነው። አገሩ ሳለ ሰውየው የማዮ ሰው ወይም የኬሪ ሰው ነው፤ ዓለሙ ደብሩና ገበያው ነው። ኒውዮርክ ወይም ቦስተን ሲደርስ ግን አሠሪውም፣ ጋዜጣውም፣ በ1850ዎቹ በካቶሊክ ስደተኞች ላይ የተነሣው የፖለቲካ ማኅበርም «አይሪሽ» በሚል አንድ ስም ይጠሩታል፤ ያውም ለማክበር አይደለም። በዚያ ስም ከተሰደበ በዚያው ስም መደራጀት መጣ፤ ደብሩ፣ የመረዳጃ ማኅበሩ፣ የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት ሰልፉ። ነፃ አገር ያለው ሕዝብ የሚናቀው ያነሰ ነው የሚል ስሌትም ነበረበት፤ የአየርላንድ ነፃነት ለእሱ ለራሱ የኒውዮርክ ክብር ማስመለሻ ነበር።

በ1858 የአይሪሽ ሪፐብሊካን ወንድማማችነት ደብሊን ውስጥ በምስጢር ሲመሠረት፣ የአሜሪካው ክንፍ የፌኒያኖች ማኅበር ሆኖ ኒውዮርክ ላይ ተቋቋመ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ስለነበሩት በ1866 ድንበር ተሻግሮ ካናዳን እስከ ማጥቃት ደርሷል፤ ሐሳቡ ካናዳን ይዞ በአየርላንድ መለወጥ ነበር። ዛሬ ሲነበብ የሚያስቅ ይመስላል፤ በካናዳ ሪጅዌይ ላይ በተደረገው ውጊያ የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ግን አልሳቁም።

የመሪዎቹን የሕይወት ታሪክ ማየትም በቂ ነው። ማይክል ዳቪት በማዮ በ1846 ተወለደ፤ በአራት ዓመቱ ቤተሰቡ ከመሬቱ ተነቅሎ ወደ እንግሊዝ አገር ላንካሸር ሄደ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ የጥጥ ፋብሪካ ማሽን ቀኝ እጁን ወሰደው። በ1879 የመሬት ሊግ የሚባለውን የጭሰኞች ማኅበር ያቋቋመው ይኸው የስደተኛ ልጅ ነው። ከ1916ቱ ዓመፅ በኋላ ከተረሸኑት መሪዎች መካከል ጄምስ ኮኖሊ ኤድንብራ የተወለደ የስደተኞች ልጅ ነው፤ ቶማስ ክላርክ የአሜሪካ ዜግነት ነበረው፤ ከሞት የተረፉትና በኋላ የመንግሥት መሪ የሆኑት ኤመን ዴ ቫሌራም የተወለዱት ኒውዮርክ ነው። ዓመፀኞቹ በዚያ ዓመት ያወጡት የነፃነት አዋጅ አየርላንድ «በአሜሪካ ባሉ የተሰደዱ ልጆቿ» እንደምትደገፍ በግልጽ የጻፈው እንዲያው ለጌጥ አልነበረም።

አገር ቤት ያሉት መሪዎችና ስደተኞቹ ሁልጊዜ ይግባቡ ነበር?

አይግባቡም ነበር። ኦኮነል የባርነት ጠላት ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ እሱና 60,000 ያህል አየርላንዳውያን የፈረሙበት ጥሪ ወደ አሜሪካ ተላከ፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻቸው ከጥቁሮች ጎን ቆመው ባርነትን እንዲቃወሙ የሚለምን ነበር። ስደተኛው አብዛኛውን ጊዜ ጆሮ አልሰጠውም፤ ከታችኛው የኑሮ እርከን ላይ ቆሞ ከነፃ ጥቁሮች ጋር ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚሻማ ሰው ነበርና። ከላይ ያነሣነው ሚቸል ይባስ ብሎ የደቡቡን ባለባሮች ደግፏል። ለራስ ሕዝብ ነፃነት መጮህ ለሌላው ነፃነት ለመቆም ዋስትና አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያለ ማለባበስ ያሳያል።

ስደተኛው ለትግሉ ምን አዋጣ?

ከሁሉ በላይ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ የተገኘበትን እጅ ማየት ግን ያስፈልጋል። ከሌሎች የአውሮፓ ስደተኞች በተለየ ከአየርላንድ ከወጡት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ያላገቡ ወጣቶች ነበሩ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግል ልጅ ማደሪያዋና ምግቧ ከአሠሪዋ ስለሆነ ደመወዟን ማጠራቀም ትችላለች። ይህ ገንዘብ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቤት ነው፤ «የአሜሪካ ደብዳቤ» የሚባለው ፖስታ ገና ሲቃረብ በጉጉት ይጠበቃል፤ ተከፍቶም ጎረቤት በተሰበሰበበት ይነበባል። ውስጡ የመሬት ኪራይ የሚከፈልበት ገንዘብ ወይም ለታናሽ እኅት አስቀድሞ የተቆረጠ የመርከብ ቲኬት ይኖራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ብሔርተኞች የሚታገሉት ባለመሬት ኪራዩን የሚያገኘው ባብዛኛው በቦስተን ማእድ ቤት ከተሠራ ሥራ ነበር።

ከዚያ የተረፈው ወደ ትግሉ ይሄዳል። በ1880 መጀመሪያ ፓርነል አሜሪካን ዞሮ ለመሬት ሊግና ለተቸገሩ ገበሬዎች ገንዘብ ሲሰበስብ በኮንግሬስ የተወካዮች ምክር ቤትም ንግግር አደረገ። ገንዘቡ ኪራይ አንከፍልም ብለው የተነቀሉ ቤተሰቦችን ለማቆየት ረድቷል፤ በዚያው ዓመት በማዮ ሕዝቡ ያገለለው የርስት ወኪል ካፒቴን ቦይኮት ስሙን ለዓለም ቋንቋዎች የሰጠውም በዚህ ትግል ነው። አማርኛም «ቦይኮት» ሲል ሳያውቀው የአንድ ማዮ መንደር ጠብ ይጠራል። ትግሉ ፍሬ አፍርቷል፤ ከ1903ቱ የመሬት ሕግ በኋላ አብዛኛው ጭሰኛ በረጅም ዘመን ክፍያ ባለመሬት ሆኗል።

ከ1919 አጋማሽ እስከ 1920 ማብቂያ ዴ ቫሌራ አሜሪካ ተቀምጠው ገና ዕውቅና ላላገኘችው ሪፐብሊክ ቦንድ ሲሸጡ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ትንሹ ቦንድ የ10 ዶላር ነበር፤ ለቤት ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከዚህ ውስጥ ሰፊው ድርሻ ኒውዮርክ ባንክ ውስጥ ቀርቶ ነበርና፣ ብሔርተኞቹ እርስ በርስ ተከፋፍለው ሲካሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ በ1927 ለገዢዎቹ እንዲመለስ ወሰነ። ዴ ቫሌራም ገዢዎቹ መብታቸውን እንዲያዛውሩላቸው ጠየቁ፤ ገንዘቡም በ1931 ለተቋቋመው «አይሪሽ ፕሬስ» ጋዜጣ መነሻ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ለሪፐብሊክ የተሰጠ አሥር ዶላር የአንድ ፓርቲ ልሳን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ብሔርተኛ መሪዎች ስደትን ይደግፉ ነበር?

በቃል አጥብቀው ይቃወሙት ነበር። ስደት የአገር ደም መፍሰስ ነው፣ ወጣቱ ቀርቶ ይታገል ይሉ ነበር፤ ካህናቱም በከተማ ሃይማኖቱን ያጣል በሚል ፍርሃት ይህንኑ ይሰብኩ ነበር። መንግሥት ወይም በጎ አድራጊ ቲኬት ከፍሎ ድሃውን ለመላክ ሲያቅድ ተቃውሞው ይበረታል። በተግባር ግን የንቅናቄው የጀርባ አጥንት የሆኑት ባለሱቆችና ሰፋ ያለ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ከስደቱ ተጠቅመዋል፤ የሄደው ቤተሰብ መሬት ለቀረው ይጨመራል፣ የሚላከው ዶላርም በሱቁ ያልፋል። የሄደው ልጅ ከባሕር ማዶ ሆኖ ገንዘብ እስከ ላከ ድረስ «የተሰደደ ልጃችን» ነው፤ በመሄዱ ሰዓት ደግሞ «የከዳ» ሊባል ይችላል። ይህን ቅራኔ በአደባባይ ለመጋፈጥ የደፈረ ፖለቲከኛ ጥቂት ነው።

ነፃነት ስደቱን አስቆመው?

አላስቆመውም፤ የብሔርተኝነቱ ትልቁ ፈተናም ይህ ነው። በዲሴምበር 1921 በተፈረመው ስምምነት ሃያ ስድስቱ አውራጃዎች ነፃ መንግሥት ሆኑ፤ በሰሜን ያሉት ስድስቱ በእንግሊዝ ሥር ቀሩ። በ1922ና በ1923 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸነፉት ሪፐብሊካውያን ብዙዎች ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ማለትም ለአገሪቱ ነፃነት የተዋጉት ሰዎች ራሳቸው ከነፃዋ አገር ተሰደዱ።

የአሜሪካ በር በኮታ ሕግና ከ1929 በኋላ በመጣው የኢኮኖሚ ድቀት ሲጠብ ጉዞው ወደ እንግሊዝ ዞረ። ፓስፖርት አያስፈልግም፤ ማታ ከደን ሌሪ ወደብ የተሳፈረ ሰው ሆሊሄድ ወርዶ ባቡር ይይዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየርላንድ ገለልተኛ ሆና ሳለ ልጆቿ በእንግሊዝ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ከ1948 በኋላ በአዲሱ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች የአየርላንድ ነርሶች ሞሉ፤ ወንዶቹ መንገድና ዋሻ ቆፈሩ።

ዴ ቫሌራ በ1943 የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት በሬዲዮ ባደረጉት ንግግር ሕልማቸው በቁጠባ የሚኖር፣ ለመንፈሳዊ ነገር የሚያድር፣ ገጠሩ በደስታ ድምፅ የተሞላ ሕዝብ ነበር። በ1950ዎቹ ብቻ ወደ 400,000 ሰው ያን ገጠር ለቆ ሄደ። በ1951 ዴ ቫሌራ በበርሚንግሃም ያሉ አየርላንዳውያን ሠራተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩባቸውን ቤቶች በአደባባይ ነቅፈው ሥራ እኮ አገር ውስጥ አለ ሲሉ፣ የተናደዱት እንግሊዞች ብቻ አልነበሩም፤ ሠራተኞቹም ጭምር ናቸው። በ1961 የሪፐብሊኩ ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ ተቆጠረ፤ ነፃነት ከተገኘ ወዲህ ዝቅተኛው ነው።

የ1847ቱ መንገደኛ በለንደን ማመካኘት ይችል ነበር። የ1957ቱ መንገደኛ ማንን ይወቅሳል? በራሱ ቋንቋ ስሙ የተጻፈ መንግሥት አለው፣ ባንዲራው ይውለበለባል፣ ሥራ ግን የለም። ብዙዎቹ ዝም አሉ። ያለፈው ትውልድ ስደተኛ ዘፈን ተዘፍኖለታል፤ በሆሊሄድ በኩል የሄደው ትውልድ ግን አገር ቤት ለረጅም ጊዜ ብዙም የማይነሣ ርእስ ነበር። አቅጣጫው መቀየር የጀመረው በ1958 በገንዘብ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን በኬን ዊታከር ጥናት ኢኮኖሚው ለውጭ ንግድና መዋዕለ ነዋይ ሲከፈት ነው፤ ያም ቢሆን በ1980ዎቹና ከ2008ቱ የባንክ ውድቀት በኋላ ወጣቱ እንደገና ሄዷል።

ፕሮቴስታንት ስደተኞችስ?

ከአልስተር የወጡት አብዛኞቹ በብሔርተኛው ታሪክ ውስጥ ራሳቸውን አያገኙም። በአሜሪካ «ስኮትች አይሪሽ» የሚለውን ስም የያዙት በከፊል ከረሃቡ ዘመን ካቶሊኮች ለመለየት ነው። «የስደተኛው አየርላንዳዊ ታሪክ» ሲባል እነሱ ብዙ ጊዜ መዘንጋታቸው ትክክል አይደለም፤ የ1798ቱን ዓመፅ ካነሣሡት መካከል የቤልፋስት ፕሬስቢቴሪያኖች ነበሩና።

ዛሬ ውጭ ያለው አየርላንዳዊ በአገሩ ጉዳይ ድምፅ አለው?

በጥቂቱ። አገር የለቀቀ ዜጋ፣ ከዲፕሎማቶችና ከመሰሎቻቸው በስተቀር፣ በፓርላማ ምርጫና በፕሬዚዳንት ምርጫ ከውጭ ሆኖ መምረጥ አይችልም፤ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ለመመለስ ያሰበ ሰው ስሙ ከመዝገብ ላይፋቅ ይችላል፣ ድምፁን ለመስጠት ግን በአካል መምጣት አለበት። በ2015ቱና በ2018ቱ ሕዝበ ውሳኔዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ በአውሮፕላንና በመርከብ የመጡ ወጣቶች የታዩት ለዚህ ነው። በ1990 የተመረጡት ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን በመኖሪያቸው መስኮት ለተሰደዱት ሁሉ መብራት አኑረዋል፤ ምልክቱ ብዙዎችን አስለቅሷል፣ የምርጫ ካርድ ግን አይደለም።

በዜግነት በኩል በሩ ሰፊ ነው። አያቱ ደሴቲቱ ላይ የተወለደ ሰው፣ አየርላንድን አይቷት ባያውቅም፣ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል። በ2004 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ ከውጭ አገር ወላጆች አየርላንድ ውስጥ የሚወለድ ልጅ እዚያ በመወለዱ ብቻ ዜጋ የሚሆንበት መብት ተነሥቷል። የስደተኛ አገር የነበረችው አገር ስደተኛ መቀበል ስትጀምር የወሰደችው እርምጃ ይህ መሆኑ ብዙ አየርላንዳውያንን ራሳቸውን አሳስቧል፤ እኔንም ያሳስበኛል።

ብሔርተኝነትና ስደት የተገናኙበትን ቦታ በዓይን ማየት ይቻላል?

ካናዳ ውስጥ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ ያለችው ግሮስ ኢል ደሴት ትመረጣለች። የ1847 መርከቦች በተስቦ የተያዙ መንገደኞቻቸውን ያራገፉት እዚያ ባለው ማግለያ ጣቢያ ነው፤ ከ5,000 በላይ ሰው ተቀብሯል። በ1909 አንድ የአይሪሽ አሜሪካውያን የመረዳጃ ማኅበር ከፍ ያለ የድንጋይ መስቀል አቆመላቸው፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በአይሪሽ ነው። እንግሊዝኛው ሙታኑ ሃይማኖታቸውን ለመጠበቅ ረሃብንና ስደትን ታግሠው፣ በትኩሳት ተመትተው፣ የኀዘን ጉዟቸውን እዚህ እንደ ፈጸሙ ይናገራል። አይሪሹ ግን ከባዕዳን ጨቋኞች ሕግና በሰው እጅ ከተፈጠረ ረሃብ ሸሽተው እንደ ሞቱ ይላል፤ የሚያነበው ሰው ከመቃብሩ አልፈው ከሚሄዱት መካከል ጥቂቱ ነው።